እስኪሠራ ድረስ

አባቴ የእጅ ሰዓት ሲጠግን በኖረባት፣
ሂርማታ መርካቶ ጥግ፣ ባንድ ክንድ ቆርቆሮ ቤት፣
ዝናብ ጣራዋን ሲመታት፣
ባጃጅ ጭቃ ሲረጭባት፣
እኔ ስልክ እፈታለሁ፣ ጥፍር በምታህል መፍቻ።

መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው እንደ ሊጥ ያበጠ፣
አዌቱ ድልድይ ላይ ከኪስ ሾልኮ ያመለጠ፣
በባልና ሚስት ጠብ ግድግዳ ላይ የፈረጠ፣
ሁሉም እኔ ጋ ይመጣል፣ ሆዱን እየገለጠ።

ሰው ስልኩን ሲሰጠኝ
እንደ አራስ ልጅ ነው የሚያስታቅፈኝ፤
«ቀስ በል፣ ፎቶዎቼን አታጥፋብኝ፤
ስንት ደቂቃ ነው?» ይለኛል፣ ዓይን ዓይኔን እያየኝ።

«ሁለት ሰዓት ይፈጃል» እላለሁ።
ያኔ ፊቱን አያለሁ።

ሁለት ሰዓት! የት ይቀመጥ? እጁንስ የት ያድርገው?
ኪሱን ይዳብሳል፣ ባዶ ነው፤ ደግሞ ይዳብሳል፣ ያው ነው።
አውራ ጣቱ ጭኑ ላይ የሌለ ገጽ ይገፋል፤
የታረደች ዶሮ ጥቂት ትንፈራገጥ የለም? እንደዚያ ያደርጋል።

ከዚያ፣ ሃያ ደቂቃ ግድም ሲሆን፣ አንገቱ ቀና ይልና
ጅማ ዛሬ የገባ እንግዳ ይመስላል እንደገና።
«ያ ዋርካ ድሮም እዚህ ነበር?» ይላል ሽቅብ አይቶ።
«ከአባቴ ይበልጣል» እላለሁ። ዝም ይላል፣ ጥቂት ቆይቶ።

ባለፈው ሐሙስ ፈትሂያ መጣች፣ ጭቃ የነካው ጫማዋ፣
ከዩኒቨርሲቲው፣ ሁለተኛ ዓመት ነርሲንግ፣ ነገ ነው ፈተናዋ።
«ማስታወሻዬ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው» አለች፣ ዕንባ ተናንቆት ጉሮሮዋ።
ቦርሳዋ ውስጥ ደብተር ነበር፣ ባዶ ማለት ይቻላል፣
ሦስት ገጽ ተጽፎበት ከመስከረም ይጠብቃል።
በርጩማ ሰጠኋት፣ ባለሦስት እግሩን፣ ከአንድ ግንድ የወጣውን፤
«ጻፊ እስቲ» አልኳት፣ «የምታስታውሺውን።»

ልብ ሣለች። አራት ክፍል፣ አራት በር።
አንዱ በር ጠፋባት፤ እጇ ወደ ኪሷ ሊበር
ሲነሣ ታየኝ፤ ኪሷ ባዶ ነበር።
ደሙ በየት ወጥቶ በየት እንደሚዞር
ከራሷ ጋር ስትከራከር
ዝናቡ አባራ። አላየችም። ደግሞ ጀመረ። እርሳሱ ከንፈሯ ላይ ነበር።

«አገኘሁት!» ስትል ጮኻ
ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ደንግጦ ደፋ የላስቲክ ውሃ።

ይህን ሳወራ ግን ጻድቅ እንዳልመስል፤
ሙያውን የተማርኩት ከስልክ ነው፣ ከማላውቀው ሰው ምስል፤
ፊቱን አላየሁትም፣ እጁን ብቻ፤ ቋንቋው አይገባኝ፣
ግን ያ እጅ መቶ ጊዜ ብመልሰው ሳይሰለች አስጠናኝ።
የእጅ ሰዓት ገበያው ሲሞት የአባቴም ሥራ ሞተ፤
ያ እጅ ባይመጣ ኖሮ ይህ በር እንደተዘጋ በሰነበተ።

ደግሞ ያን ዕለት፣ ብሎኖቿን በጠርሙስ ክዳን ደርድሬ
የእኔው ስልክ ጢን አለ። ማን ይሆን ብዬ ዞርኩኝ፤
ድመት ነበረች፣ ከቧንቧ የምትጠጣ፤ ሳቅኩኝ፤
ከድመቷ ኳስ፣ ከኳሱ ስድብ፣ ከስድቡ የማላውቃቸውን ሰዎች ሰርግ አየሁኝ፤
ስመለስ አንድ ብሎን የለችም።
የጤፍ ፍሬ ታህላለች። ተንበርክኬ ፈለግኩኝ።

አባቴ ፀጉር የመሰለች ሽቦ በወረንጦ ሲያነሳ
ትንፋሹን ይይዝ ነበር፤ ሰላምታ ሰጪውን ይረሳ።
«ናስር ኮራ» ይሉት ነበር። ኩራት አልነበረም፤
ስሙን ግን እኔም እስከ ዛሬ በቅጡ አላውቀውም።

ብሎኗን ፈትሂያ አገኘቻት፣ ከበርጩማው እግር ሥር፤
ከልቧ ጋር ስትሟገት መሬት መሬት ስታይ ነበር።

ስልኩ በራ። ሠላሳ ሰባት መልእክት ባንድ አፍ ጮኸ።
ከፍላ ወጣች፣ አንገቷን ደፍታ፤
ባጃጅ ክላክስ ነፋባት፣ አልሰማችም፣ ጆሮዋን ደፍና፣
ደብተሯ በርጩማው ላይ ቀረ፣ ልቡ እንደተከፈተ።
አንስቼው ብድግ አልኩ።
ጠረጴዛው ላይ ጢን አለ ስልኬ፤
ግማሽ አንገት ዞርኩ፤
ከዚያ በዝናቡ ውስጥ፣ ደብተሩን ሸሚዜ ሥር ሸጉጬ፣
ስሟን እየጠራሁ ሮጥኩ።